የሰርቪሱ ዝርዝር

ኅዳር 2017፣ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ተማሪዎች ለሰልፍ እየተሰበሰቡ ሳለ አንዲት እናት የጥበቃውን ሰላምታ እንኳ ሳይመልሱ በሩን አልፈው ወደ እኔ መጡ። «ለጉብኝቱ ትናንት ማታ ልኬያለሁ፤ ደረሰኝ ስጡኝ» አሉና ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

የትኛው ጉብኝት? ስልካቸው ላይ ከትምህርት ቤቱ የቴሌግራም አካውንት የተላከ ማስታወቂያ ይታያል። «ውድ ወላጆች» ብሎ ይጀምርና ለትምህርታዊ ጉብኝት 2,800 ብር እንዲከፈል፣ ቦታ ውስን ስለሆነም እስከ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት እንዲጠናቀቅ ያሳስባል። ከግርጌው ማህተማችንና የርእሰ መምህርቷ ፊርማ አለበት። የማናውቀው የገንዘብ መላኪያውን ቁጥር ብቻ ነው።

እኛ እንዳልጻፍነው ለማመን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ለመልካም ትብብርዎ በቅድሚያ እናመሰግናለን» የምትለዋን መዝጊያችንን እንኳ ሌባው አልረሳም። ምን ያስረሳዋል? በኮሮና ምክንያት መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ጊዜ ጀምሮ የለጠፍነው ማስታወቂያ ሁሉ፣ ማህተም እንዳረፈበት እየተነሣ፣ እዚያው ተቀምጦለታል። ከአንዱ ማህተሙን፣ ከሌላው ፊርማውን ቆርጦ መቀጠል ለእርሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እኔ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም፣ ፕሮጀክተር ሲጨልምም የምጠራው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ይህም የእኔ ነበር። ወደ ቢሮ ሮጥኩ። የትምህርት ቤቱን ስልክ የሚይዙት ጸሐፊያችን ናቸው። በዕድሜ እናቴን ስለሚያክሉ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ስልኩን ስከፍተው ቴሌግራሙ እንደ አዲስ ቁጥር አስገባ ይላል። ቁጥሩን አስገባሁ፤ ኮዱም በመልእክት መጣ። ቀጥሎ የይለፍ ቃል ጠየቀ። እኛ የይለፍ ቃል አበጅተን አናውቅም። ያበጀልን ሌባው ነው።

«እትዬ፣ ምን ነክተው ነበር?»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ዝም አሉ። ደግሜ ጠየቅኋቸው። እሑድ ማታ ከአንድ ወላጅ መልእክት ደርሷቸው ኖሯል፤ «ልጄ በሥዕል ውድድር ለመጨረሻው ዙር አልፋለች፣ እባክዎ ድምፅ ይስጡልኝ» የሚል። ልጅቱን ያውቋታል፤ ሥዕል እንደምትወድም ያውቃሉ። ሊንኩን ሲከፍቱ ስልክ ቁጥር ጠየቃቸው፤ ሰጡ። ቀጥሎ ከቴሌግራም የመጣውን ባለ አምስት አሐዝ ኮድ ጠየቃቸው፤ እሱንም ሰጡ። ያ ወላጅ በበኩላቸው አካውንታቸውን ከሁለት ቀን በፊት ተነጥቀው ነበርና መልእክቱን የጻፉት እሳቸው አልነበሩም። አንዱን የያዘ ሌላውን ለመያዝ በእርሱ ስም ይጽፋል፤ የምታውቀው ሰው ስለሆነ አትጠራጠርም።

እዚህ ላይ ጮኽኩ። ገንዘብ ያዧ በተቀመጡበት፣ በሩ ክፍት እንደሆነ። «ኮድ ለማንም አይሰጥም ብዬ ስንት ጊዜ ነው የምናገረው! መልእክቱ ራሱ ላይ ተጽፎ የለም?» ተጽፏል፤ ኮዱን ለማንም አትስጥ የሚለው ከኮዱ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ጩኸቴ በእውነት ላይ የቆመ ነበር፤ ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን፣ ከኮዱ በተጨማሪ የራስን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ቅንብር፣ ለስምንተኛ ክፍል ልጆች በሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምራለሁ። ያቺን ሁለት ደቂቃ የምትፈጅ ነገር በትምህርት ቤቱ ስልክ ላይ አልሠራኋትም። ሠርቻት ቢሆን እትዬ ኮዱን ቢሰጡም ሌባው በሩ ላይ ይቀር ነበር።

ይበልጥ ያናደደኝ በኋላ የገባኝ ነገር ነው። አዲስ መሣሪያ ሲገባ ቴሌግራም ለነባሩ መሣሪያ ያሳውቃል። እትዬም ማሳወቂያውን እሑድ ማታ አይተውታል፤ ልባቸው ተጠራጥሯል። ደግሞም አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሮቹን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ አንድ ቀን ያህል መጠበቅ አለበት። እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት ቢነግሩኝ ኖሮ ቅንብር ውስጥ መሣሪያዎች የሚለውን ከፍቼ ሌላውን ሁሉ አስወጣ የሚለውን መንካት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ሰኞን ሙሉ አጠገቤ ሻይ ጠጥተዋል። የጡረታቸው ጊዜ ቀርቧል፤ «ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ» አሉኝ፣ ቆይተው፣ ጩኸቴ ሲበርድ።

ከዚያ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ግሩፖቹ ሁሉ የተከፈቱት በዚያ አካውንት ስለነበር እኔ በአስተዳዳሪነት ብኖርም ባለቤቱን ማስወጣት አልቻልኩም፤ ማስጠንቀቂያ ስለጥፍ ያጠፋዋል። የይለፍ ቃሉን ለማስመለስ የተመዘገበው ኢሜይል የእርሱ ነው፤ ያለ ኢሜይል አካውንቱን አጥፍቶ እንደገና ለመጀመር ደግሞ ሰባት ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመለስን። የክፍል ኃላፊ መምህራን የምዝገባ ፋይሉን ተከፋፍለው ለየወላጁ ደወሉ፤ በእያንዳንዱ ተማሪ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ ወላጅ የሚፈርምበት ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። ስንዘብትበት የኖርነው ያ ሰማያዊ ደብተር በዚያ ቀን ከስልኮቻችን ሁሉ የበለጠ ሠራ። ገንዘብ የላኩ ወላጆች ዘጠኝ ሆነው ተገኙ። ለፖሊስ አመለከትን፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ነገር በስሙ ጠርቶ ይቀጣል። ርእሰ መምህርቷም የዘጠኙን ገንዘብ ከሁለተኛው ሴሚስተር ክፍያ ላይ እንዲቀነስላቸው አደረጉ።

አራት ሰዓት ላይ አካውንቱ የያዛቸውን ግሩፖች በወረቀት እየዘረዘርኩ ነበር። የአንደኛ ክፍል፣ የሁለተኛ፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ የስፖርት ክበብ። አሥራ አንደኛው ላይ እጄ ቆመ፤ ሰርቪስ።

መስከረም ላይ ሾፌሮቹ «ልጆቹን የት የት እንደምናነሣ በስልካችን ይሁንልን» ሲሉ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ሠርቼ ግሩፑ ላይ ለጥፌያለሁ። በአራት መኪና የሚመላለሱ 74 ልጆች። ሙሉ ስም፣ ክፍል፣ የሚወርዱበት ቦታ ከነምልክቱ፣ የሚወርዱበት ሰዓት፣ የእናት ስልክ። አንዳንዱ ላይ «እናት እስክትመጣ ከሱቁ በር ይጠብቃል» የሚል ማስታወሻ ጨምሬበታለሁ። በጣም የተዋጣ ሠንጠረዥ ነበር፤ ለመኪኖቹ የተለያየ ቀለም ሳይቀር ሰጥቻቸዋለሁ።

ወረቀቱን ገለበጥኩት።

ለምን እንደገለበጥኩት እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቅም። መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንጨርስ አልኩ ለራሴ፤ ሌባው የፈለገው ገንዘብ እንጂ የሕፃናት ስም አይደለም አልኩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ገና ከጥቂት ወራት በፊት መውጣቱን አንብቤ ለመምህራን ያስረዳሁ እኔ ነኝ። ምሳ ሰዓት መጣ፤ ሄደ።

ከምሳ በኋላ ከሰባተኛ ሀ አንዲት ልጅ ኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ትገባለች፣ ትወጣለች።

«ቲቸር፣ የትምህርት ቤቱ አካውንት ትናንት ማታ ለእኔም ጽፎልኝ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«ለአዲስ መታወቂያ ፎቶሽን ላኪ አለኝ። ከዚያ ቤት ከማን ጋር ነሽ አለኝ።»

አልላከችም፤ መልስም አልሰጠችም። ጓደኛዋ ግን ፎቶዋን ልካለች። የክፍል ግሩፖቹን የከፈትነው በኮሮና ጊዜ የቤት ሥራ ለመላክ ነበር፤ ኮሮናው አልፎ እነሱ ቀሩ። ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሌላውን ስም አይቶ በግል መጻፍ ይችላል፤ ልጆቹም በዚያ መንገድ ነው የተገኙት።

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርሽንም?»

መሬት መሬት አየች። «ማታ ስልክ ይዘሽ ምን ትሠሪ ነበር እባላለሁ ብዬ።»

ደንባችን ላይ በስልክ የተገኘ ተማሪ ስልኩ ይወረሳል፣ ወላጅ ይጠራል የሚል አንቀጽ አለ። አዎ፣ ትባል ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ያው ይሆን ነበር። ልጅቱን አመስግኜ ወደ ክፍሏ ሸኘኋትና የገለበጥኩትን ወረቀት ይዤ ወደ ርእሰ መምህርቷ ሄድኩ።

ሠንጠረዡን በኮምፒውተሬ ከፍቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያስታወስኸው?»

«አራት ሰዓት።»

የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ሰባት ተኩል ሆኗል። ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ስልኩን አንሥተው አራቱን ሾፌሮች ጠሩ። እኔ ጠዋት እትዬን የጮኽኩባቸውን ያህል ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያን ዕለት ዘጠኝ ተኩል ላይ መኪኖቹ ሲወጡ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት መምህር ተሳፈረ። ለሰባ አራቱም ቤት ተደወለ፤ ልጆቹ በሚታወቅ ሰው እጅ ካልሆነ እንዳይወርዱ ተነገረ። ከሱቁ በር የሚጠብቀውን ልጅ እኔ ራሴ እናቱ እስኪመጡ አብሬው ቆምኩ፤ ሃምሳ ደቂቃ ያህል። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ተመላለስን። ማንም አልመጣም። ምናልባት ሌባው ፋይሉን ከፍቶትም አያውቅ ይሆናል።

የቀረው የጓዳ ሥራ ነው። የክፍል ግሩፖቹን ዘጋን፤ ለማስታወቂያ ወላጆች እርስ በርስ የማይተያዩበት ቻናል ከፈትን። ሾፌሮቹ የመንገዳቸውን ዝርዝር በወረቀት ይዘው ማታ ይመልሳሉ። የአዲሱ አካውንት የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ በርእሰ መምህርቷ ካዝና ውስጥ ነው። ሲም ካርዱን በትምህርት ቤቱ ስም ለማዞር ስንሄድ ከሦስት ዓመት በፊት በለቀቀች ሠራተኛ ስም ተመዝግቦ አገኘነው፤ ይህን እንኳ ሌባው አልሠራውም። አንድ መምህር ደግሞ የልጆችን ፎቶ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብሎ እንደ ፋይል ሲልክ ኖሯል፤ እንደዚያ ሲላክ ስልኩ የመዘገበው የቦታ መረጃ አብሮ ይሄዳል። በቁጣ ሳይሆን ሻይ እየጠጣን አሳየሁት። የስልክ ደንቡ አንቀጽ ላይም አንድ መስመር ተጨመረ፤ ያስፈራውን መልእክት ይዞ ለመጣ ተማሪ ስልኩ አይወረስም፣ ስለ ስልኩም አይጠየቅም። መስመሩን ያስገባነው ከወላጆች ጋር ሁለት ስብሰባ ተከራክረን ነው፤ «ልጆቹ ይህን ሰበብ ያደርጉታል» ያሉ ነበሩ። ያደርጉታል፤ አንዳንዶቹ አድርገውታልም።

እትዬን በገንዘብ ያዧ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ተወው ልጄ» አሉኝ። አሁን አጠራጣሪ መልእክት ሲመጣላቸው ከመክፈታቸው በፊት ይጠሩኛል፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም የባንኩን የበዓል መልካም ምኞት ጭምር።

የካቲት ላይ ያቺው የሰባተኛ ሀ ልጅ እንደገና በሩ ላይ ቆመች። በዚህኛው ጊዜ አልተመላለሰችም፤ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። በጨዋታ ያገኘችው የማታውቀው ሰው ሽልማት አለሽ እያለ አድራሻዋን ይጠይቃታል። የመጀመሪያው መልእክት የደረሰበትን ሰዓት አየሁ፤ ከሌሊቱ ስድስት ከሩብ። በነጋታው ፈተና ነበራቸው።

አፌ ሊከፈት ነበር። ወንበር ሳብኩላትና ሰዓቱን መዝገቡ ላይ ጻፍኩት።