ሸርጣን አሳዳጆቹ
ዛሬ ኦፍ ስለነበርኩ ሲያትል ፊሸርመንስ ተርሚናል (የአሳ አጥማጅ ጀልባዎች ወደብ) ሄጄ የአላስካ ጀልባዎቹን በቅርብ አየኋቸው፣ እነዛ ዲስከቨሪ ቻናል ላይ "ዴድሊየስት ካች" በሚለው የቲቪ ፕሮግራም እ.ኤ.አ ከ2005 ጀምሮ ቤሪንግ ባህር ላይ ሸርጣን ሲያጠምዱ የምናያቸው አይነት። ለካ ያ በቲቪ ቀላል የሚመስለው የብረት ወጥመድ ባዶውን ወደ 300 ኪሎ ገደማ ነው! በዛ በረዶና ማዕበል እሱን ሲገፉ አስቡት፣ እንቅልፍ የለ ምን የለ። እኔ ደግሞ ሶፋ ላይ ጋቢ ለብሼ ቡናዬን ይዤ ወጥመዱ ባዶ ይውጣ ሙሉ ለማየት ልቤ ስቅል ይላል፣ ሎተሪ እንደመጠበቅ በሉት 😂 (ሸርጣኑን እንኳ አልበላም፣ እናቴ ብትሰማ ጉዴ ነው)። ገመድ የሚጠቀልል አንድ ሰውዬ አግኝቼ ፕሮግራሙን ታየዋለህ ወይ ብለው ሳቀብኝ፣ "እቤት ስገባ የምፈልገው መተኛት ነው" አለኝ። 2022 ላይ ሸርጣኑ ተመናምኖ ስኖው ክራብ የሚባለው የሸርጣን አይነት የማጥመጃ ወቅት ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ግን እንቅልፍም አልነበረም አለ።