«ቤቱ ዞረብኝ»

ከ3 ዓመት በፊት፣ ሌሊት ላይ፣ እናቴ ወደ ግራ ጎኗ ስትገላበጥ ጣሪያውና ቁም ሳጥኑ አንድ ላይ ይሽከረከሩባት ጀመር፤ በጩኸቷ ሁላችንም ነቃን። ሽክርክሪቱ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው አለፈ፤ ማቅለሽለሹና ፍርሃቱ ግን እስኪነጋ አልለቀቃትም። በማግስቱ ሊጠይቋት ከመጡት ጎረቤቶች ከፊሎቹ ደም ማነስ ነው አሉ፣ ከፊሎቹም ግፊት። በሄድንበት ክሊኒክ ደሟ፣ ስኳሯና ግፊቷ ተመርምሮ ሁሉም ደህና ሆኖ ስለተገኘ ቫይታሚን ታዞላት ተመለሰች። ማዞሩ ግን ቀጠለ።

ከ2 ሳምንት በኋላ ያየናቸው የጆሮ ሐኪም ምርመራ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቋት፤ «እማማ፣ ዓይንዎን ጭልም ነው የሚልብዎት ወይስ ቤቱ ነው የሚዞርብዎት?» እናቴም ሳታመነታ «ቤቱ ነው እንጂ» አለች። ሁሉንም «ማዞር» ብለን በአንድ ቃል እንጠቀልለው እንጂ አማርኛችን ልዩነቱን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ከመቀመጫ ብድግ ሲሉ ዓይንን ጭልም የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የደም ግፊት ድንገት መውረድ ሲሆን፣ ራስን በማንቀሳቀስ ብቻ ቤቱ የሚዞር ከሆነ ግን በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚገባው ውስጠኛው ጆሮ ነው። ታካሚው ይህን ለይቶ ቢናገር፣ ሐኪሙም ለይቶ ቢጠይቅ ስንት ሰው ከከንቱ መንከራተት በዳነ ነበር!

ከመስሚያው ክፍል አጠገብ፣ በየጆሯችን ውስጥ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው 3 ቀለበት መሰል ቱቦዎች አሉ፤ የራስን መዞር በየአቅጣጫው የሚለኩት እነርሱ ናቸው። ከሥራቸው ያሉት 2 ከረጢቶች ደግሞ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶችን ተሸክመው የመሬትን ስበትና ወደፊት ወይም ወደ ላይ መሄዳችንን ይለካሉ። የእናቴ ሕመም ከነዚህ ቅንጣቶች ጥቂቶቹ ከቦታቸው ወጥተው ወደ አንዱ ቱቦ በመግባታቸው የመጣ ነበር። ስትገላበጥ ቅንጣቶቹ ፈሳሹን ይገፉታል፤ ራሷ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላም አንጎሏ «እየዞርሽ ነው» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ አንጎልም ያመነውን ለዓይን ያስተላልፋል። ሐኪሙ ራሷን ወደ ግራ አዙረው በጀርባዋ ሲያስተኟት ዓይኖቿ ያለፈቃዷ ሲርገበገቡ እኔም አየሁ።

የዓይንና የጆሮ ትስስር ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ለማወቅ ይህን ጽሑፍ እያነበባችሁ ስልካችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በፍጥነት አወዛውዙት፤ ፊደሉ ይጠፋችኋል። አሁን ደግሞ ስልኩን አቁማችሁ ራሳችሁን በዚያው ፍጥነት አወዛውዙ፤ ታነባላችሁ። ራስ ወደ ቀኝ ሲሄድ ዓይን በዚያው ልክ ወደ ግራ እንዲሄድ የሚያደርገው ከውስጠኛው ጆሮ በአንጎል ግንድ በኩል የሚያልፍ መልእክት ሲሆን፣ ለዚህ ሁሉ ከ10 ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል።

ይህ ሥርዓት ሲጠፋ የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በ1952 ሙሉ ስሙን ሳይገልጽ በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የጻፈ ሐኪም አሳይቶናል። ለቲቢ የተሰጠው የስትሬፕቶማይሲን መርፌ የሁለቱንም ጆሮዎቹን የሚዛን ስሜት አጠፋበት። አልጋው ላይ ተኝቶ መጽሐፍ ሲያነብ የልቡ ትርታ በራሱ ላይ የሚፈጥረው ንዝረት እንኳ ፊደሉን ስለሚያዘልልበት፣ ራሱን በአልጋው ራስጌ ብረቶች መካከል አጥብቆ ይይዝ ነበር። መንገድ ላይም ካልቆመ በቀር የሰው ፊት መለየት አልቻለም። ስትሬፕቶማይሲን በአገራችንም ለቲቢ ሕሙማን ለዓመታት ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት በመሆኑ ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ ሰው ወሬ ላነብበው አልቻልኩም።

ጉዳቱ በዓይንና በእግር ብቻ አያበቃም። ጀርመናዊው የነርቭ ሐኪም ቶማስ ብራንትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ የሁለቱንም ጆሮዎች የሚዛን ስሜት ያጡ ሰዎች ሂፖካምፐስ፣ ማለትም መንገድንና ቦታን የምናስታውስበት የአንጎል ክፍል፣ ከጤነኞቹ በ17 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኝቷል። በኮምፒውተር በተሠራ ቦታ ውስጥ አቅጣጫ መፈለግም ተቸግረዋል፤ ሌላው የማስታወስ ችሎታቸው ግን ደህና ነበር። አንጎል «የት ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም ጭምር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ ማስረጃ አላገኘሁም።

የእናቴ ሕመም ከዚህ እጅግ የቀለለ ቢሆንም፣ በነዚያ 2 ሳምንታት ያየሁት አንድ ነገር አሁንም ከልቤ አልወጣም። አብረን ስንሄድ ጨዋታዋን ታቋርጥ ነበር፤ መልስ መስጠት ካለባትም ቆማ ነው የምትመልሰው። እኔ የተከፋች መስሎኝ ነበር። አሁን እንደሚገባኝ፣ ሳናስበው የሚከናወነውን ሚዛን የመጠበቅ ሥራ በሐሳቧ ልትሠራው ስለተገደደች ለጨዋታ የሚተርፍ ትኩረት አልነበራትም። በሚዛን መታወክ የሚሠቃዩ ሰዎች ማሰብ ደከመን፣ ነገር ይጠፋናል ሲሉ ስንፍና ወይም ጭንቀት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ በደል ነው።

ሕክምናው መድኃኒት አልነበረም። ሐኪሙ ራሷን በተራ ወደተለያየ አቅጣጫ እያዞሩና በየአንዱ ላይ እያቆዩ ቅንጣቶቹ ከቱቦው ወጥተው ወደ ከረጢታቸው እንዲመለሱ አደረጉ፤ ይህን ዘዴ የፈለሰፉት አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጆን ኤፕሊ ናቸው። ሁሉም ነገር ከሩብ ሰዓት በታች ነው የፈጀው። ሆኖም ሐኪሙ አጥብቀው ያስጠነቀቁን ነገር አለ፤ ከማዞሩ ጋር ምላስ ከተሳሰረ፣ አንድ ጎን ከደከመ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ፈጽሞ መቆም ካቃተ፣ የአንጎል ደም ሥር አደጋ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ይህ ሕመም የሚመላለስ ነው፤ አምና ተመልሶባት ነበር። ያን ጊዜ ግን አልጮኸችም። ማለዳ ደውላ «ቤቱ ዞረብኝ፤ አሁን ግን በቀኝ ጎኔ ስገላበጥ ነው፤ ለሐኪሙ እንዲህ ብለህ ንገርልኝ» አለችኝ።