«በነጻ ነው» የሚለው ሰበብ

በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል በጀመርኩበት ዓመት፣ ለአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን መጽሐፍ አነብለት ነበር። አንድ ቀን አርባ ደቂቃ ያህል አርፍጄ ስደርስ፣ ድምፅ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ጣቱን ከቁልፉ ላይ ሳያነሣ እየጠበቀኝ ነበር። ይቅርታ ስጠይቀው ፈጠን ብሎ «ኧረ ምንም አይደል፣ መጣህልኝ እኮ» አለኝ። በወቅቱ መልሱ እፎይ አሰኝቶኝ ነበር፤ ፈተናው በማግስቱ እንደነበረና የመጨረሻው ምዕራፍ ሳይነበብለት እንደተፈተነ ስሰማ ግን ያው መልስ ይቆረቁረኝ ጀመር። ከፍሎኝ ቢሆን ኖሮ ይቆጣኝ ነበር፤ በነጻ ስለማነብለት ግን የመቆጣት መብቱን ሳላውቀው ወስጄበታለሁ።

ደመወዝ የማይከፈለው ሰው ኃላፊነቱ ቀለል ይላል የሚለውን አስተሳሰብ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ተገልጋዩ ቅር ቢለው አቤት ለማለት ስለሚያፍር፣ ራሱን መቆጣጠር ያለበት አገልጋዩ ነው።

የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ እንቅስቃሴ የሚመራባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ቪየና ላይ የታወጁት ሰባት መሠረታዊ መርሆች የበጎ ፈቃድ አገልግሎትንም የሚያካትቱ ሲሆን፣ አገልግሎቱ በምንም መልኩ ጥቅምን በመሻት የሚሰጥ እንዳልሆነ ይደነግጋሉ። ጥቅም ሲባል ግን ብዙዎቻችን ገንዘብ ብቻ ይመስለናል። ከታማሚ አልጋ አጠገብ ቆመን ተነሥተን በፌስቡክ የምንለጥፈው ፎቶግራፍስ? «አስፈቅጄ ነው ያነሣሁት» የሚለው መልስም አያጠግበኝም፤ ምግብ ያቀበልነው ሰው በዚያው ቅጽበት «ፎቶ ላንሣህ?» ሲባል እምቢ የሚልበት አቅም ከየት ያመጣል?

ምሥጢር መጠበቅም እንዲሁ ነው። ለተገልጋዩ ደብዳቤ ስናነብለት፣ ቤቱን ስናጸዳለት ወይም ሐኪም ቤት ስናደርሰው የምናየውና የምንሰማው ሁሉ የእሱ ንብረት ነው፤ ስሙን ሳንጠቅስ ብናወራውም ሰፈሩና ሕመሙ ከተነገረ ማንነቱ መታወቁ አይቀርም። ያልሠለጠኑበትን ሥራ በቅንነት ብቻ መጀመር ደግሞ፣ በተለይ ቁስልና መድኃኒትን በሚመለከት፣ ድፍረት እንጂ ደግነት አይባልም።

ብዙ ሰው ቸል የሚለው ከአገልግሎቱ የሚወጣበትን መንገድ ነው። ሥራ ሲበዛብን ስልክ አለማንሣት እንጀምርና ቀስ በቀስ እንጠፋለን፤ በቅጥር ሥራ ግን ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ርክክብ መቅረት ያስጠይቃል። እኔ ከዚያ ተማሪ ጋር ያለኝን አገልግሎት የማቆምበትን ቀን አንድ ወር ቀደም ብዬ ነገርኩት፤ ተተኪዋን አንባቢ ይዤለት ሄጄም የደረስንበትን ገጽ፣ ማብራሪያ የሚፈልግባቸውን ቦታዎችና የሚመቸውን የንባብ ፍጥነት አስረከብኳት። ሁለቱን ካስተዋወቅኋቸው በኋላ ተማሪው መቅጃውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና፣ ወደ እኔ ዞሮ መጀመሪያ የጠየቀኝ «በሰዓቷ ትመጣለች?» ብሎ ነበር።