ከውሃው ማዶ ያለው ልጅ

አያቴ ባሕር አይታ አታውቅም። ስለ ባሕር ግን ትጠይቃለች። "ጋሼ ያቋረጠው" ነው የምትለው። ጋሼ ታላቅ ወንድሟ ነው። የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ዘምቶ በ21 ዓመቱ ወደቀ። እሷ ያኔ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። ከእሱ የቀራት አንድ ፎቶ ነው። ኮፍያውን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ሳቁን ለማፈን ሲታገል ያሳያል።

መሥሪያ ቤቴ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ሴኡል ሲልከኝ ቤት ውስጥ እንደ እሷ የተደሰተ የለም። ሻንጣዬን ስሸክፍ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

"የወረደበትን ቦታ እይልኝ፣ ልጄ። ሌላ ምንም አታምጣልኝ።"

ከመርከብ የወረደበት ቦታ የደቡብ ኮርያዋ ወደብ ቡሳን ናት። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሳው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነበር። እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በአሜሪካ ወታደር ማመላለሻ መርከብ። ቡሳን ወደብ የደረሱት ወሩ ሳያልቅ ነው። ስሙን ያወጡላቸው ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ቃኘው የአባታቸው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነበር። እነዚያ ልጆች መርከብ ላይ ሲወጡ ምን እንዳሰቡ ብዙ ጊዜ አስቤ አውቃለሁ። ከመካከላቸው ከዚያ በፊት ባሕር ያየ ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ሥልጠናው በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሴኡል ፈጣኑን ባቡር ያዝኩ። ጥቅምት ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ዋሻ፣ ተራራ፣ የተሰበሰበ የሩዝ ማሳ፣ ደግሞ ዋሻ። ቡሳን ስደርስ መጀመሪያ ወደ ወደቡ ነው የሄድኩት። ክሬንና ኮንቴይነር ነው የሚታየው። ከጋሼ ዘመን የቀረ ነገር ዓይኔ አልገባም። ውሃውን ብቻ ፎቶ አነሳሁ። ውሃው ያው ውሃ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡር ዴዮን የሚባል ጣቢያ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። መንገዴ ላይ ሁለት እቅፍ ነጭ አበባ ገዛሁ። የተባበሩት መንግሥታት መታሰቢያ መካነ መቃብር ያለው እዚያ ነው። በዓለም ላይ በድርጅቱ ስም ያለ ብቸኛ መካነ መቃብር ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ ነው የተጀመረው። በዚያን ጊዜና በተከታዮቹ ዓመታት ወደ 11,000 የሚጠጉ ወታደሮች እዚህ ተቀብረው ነበር። ብዙዎቹን አገሮቻቸው ወስደዋቸዋል። አሁን የቀሩት ከ2,300 ጥቂት በላይ ናቸው። እንግሊዞች፣ ቱርኮች፣ ካናዳውያን፣ አውስትራሊያውያን፣ ሆላንዶች።

የእኛዎቹ የሉም። ሁሉም ወደ አገር ተመልሰዋል። ጋሼም ያረፈው አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ነው። ቃኘው በዚያ ጦርነት አንድም ምርኮኛ አልተወሰደበትም፤ የወደቀውንም ትቶ አልመጣም። አያቴ ይህን ስታወራ ድምጿ ይለወጣል። "ሜዳ ላይ አልቀረም" ትላለች። የእሷ መጽናኛ ይህች ናት።

በሩን ስታልፉ ከተማው ድንገት ዝም ይላል። ሣሩ የተስተካከለ ነው። መቃብሮቹ እንደምናውቀው ሐውልት የላቸውም፤ ትንንሽ የናስ ሰሌዳዎች መሬት ላይ ተኝተዋል። አጠገባቸው ጽጌረዳ ተተክሏል። ስም ለማንበብ ማጎንበስ አለባችሁ። እኔ ይህን ወደድኩት። ሰው ቆሞ እያየ የሚያልፍበት ቦታ አይደለም።

መቃብሮቹ ካሉበት ዝቅ ብሎ ቀጭን የውሃ ቦይ አለ። ርዝመቱ 110 ሜትር ነው። በአንድ ዝላይ ይሻገሩታል። ከወዲህ ማዶ ዛፍና መናፈሻ ነው፣ ከወዲያ ማዶ መቃብር። የዳውንት ቦይ ይባላል። መጀመሪያ የጄኔራል ስም መስሎኝ ነበር።

ጄኔራል አይደለም። ጀምስ ፓትሪክ ዳውንት የሚባል አውስትራሊያዊ ተራ ወታደር ነው። ጥቅምት 26 ቀን 1944 ዓ.ም. ሲሞት 17 ዓመቱ ነበር። እዚያ ከተቀበሩት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እሱ ነው። ስለዚህ ቦዩን በእሱ ስም ጠሩት።

17 ዓመት። የእኔ ታናሽ ወንድም በ17 ዓመቱ ጫማውን የት እንዳወለቀ እናታችን ናት የምትነግረው። ቦዩ ዳር ቁጭ አልኩ። ስለ ጋሼ ላስብ ነበር የመጣሁት፣ ግን ይህ ልጅ አላስነሳ አለኝ። ጋሼ ቢያንስ አገሩ ገብቷል። እህቱ በሠርግ ቀን፣ በሐዘን ቀን፣ በዓመት በዓል፣ ስትፈልግ ሥላሴ ሄዳ አጠገቡ ትቆማለች። ይህኛው ከቤቱ ባሕር ተሻግሮ ነው የተኛው። አንዱን እቅፍ አበባ ለሁለት ከፈልኩና ግማሹን ወስጄ ሰሌዳው አጠገብ አኖርኩለት። በአማርኛ "አይዞህ" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ቀጥዬ ወደ መታሰቢያው ግድግዳ ሄድኩ። 140 ጥቁር የግራኒት ሰሌዳዎች ናቸው። በጦርነቱ የሞቱና የደረሱበት ያልታወቀ 40,896 ወታደሮች ስም ተቀርጾባቸዋል። የአሜሪካኖቹ ስም ሰሌዳ ከሰሌዳ እያለፈ ማለቂያ የለውም። የኢትዮጵያውያኑ 122 ነው። ቁጥሩን ከዚያ በፊት አውቀው ነበር። ግን ቁጥር ማወቅና 122 ስም አንድ በአንድ ማንበብ የተለያየ ነገር ነው። ስሞቹ የምናውቃቸው ስሞች ናቸው። የጎረቤት ስም፣ የክፍል ጓደኛ ስም፣ የአጎት ስም። በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፈው ትንሽ ተዛንፈዋል እንጂ።

የጋሼን ስም ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ። አንድ ፊደል ስቶ ተጽፏል። በሦስተኛው ጮክ ብዬ ሳነበው ነው ጆሮዬ የለየው። ጣቴን አሳረፍኩበት። ድንጋዩ ፀሐይ መትቶት ሞቅ ብሎ ነበር። የቀረውን አበባ ሁሉ ከሥሩ አስቀመጥኩ።

ስወጣ በር ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ አስጎብኚ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። "ኢትዮጵያ" ስላቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። በየዓመቱ ኖቬምበር 11፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ህዳር 2 ቀን፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ በከተማው ሳይረን ይነፋል አሉኝ። ለአንድ ደቂቃ ሰው ባለበት ይቆማል። የዘመቱት አገሮች ሰዎችም ባሉበት ፊታቸውን ወደ ቡሳን ያዞራሉ። ሐሳቡን ያመጡት በጦርነቱ የተዋጉ አንድ ካናዳዊ አርበኛ ናቸው።

ማታ ለአያቴ ደወልኩላት። አዲስ አበባ ገና ከሰዓት ነበር። ስለ ውሃው ነገርኳት። ስለ ስሙ ነገርኳት። አንድ ፊደል መሳቱን ግን ደበቅኳት። ከዚያ ስለ ልጁ።

"ስንት ዓመቱ አልክ?"

"17።"

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"የክርስትና ስሙ ማን ይባላል?"

"ጀምስ ነው ስሙ፣ እማማ። በእኛ ያዕቆብ ማለት ነው።"

"ያዕቆብ" አለች፣ ቀስ ብላ። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ወደ አገር ከተመለስኩ በኋላ ህዳር 2 ደረሰ። የቡሳን ረፋድ 5 ሰዓት በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። አያቴ ሁልጊዜም ለጸሎት የምትነሳው ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን የስልኬን ደወል ሞልቼ ነው የተነሳሁት። ስገባ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

"አሁን ነው፣ እማማ። ሳይረኑ እየተነፋ ነው።"

"በየት በኩል ነው ቡሳን?"

"በምሥራቅ።"

"እኔስ መቼ ወደ ሌላ ዞሬ አውቃለሁ?" አለችና ጸሎቷን ቀጠለች። ጋሼን በክርስትና ስሙ ጠራችው። ከዚያ ያዕቆብን።