ሮጦ መጣ

ባለቤቴ የሚኖረው ሮተርዳም ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ሆላንድኛ እያጠናሁ ነው፤ ኤምባሲው የሚሰጠውን ፈተና፣ መናገሩንም፣ ማንበቡንም፣ ስለ አገሩ የሚጠይቁትንም ካላለፍኩ እሱ ጋ መሄድ የለም።

ባለፈው በድምፅ መልእክት የጎረቤቱን ልጅ ነገር ሲያወራልኝ "ሄይ ክዋም አንኸረንት" አለ። ክዋም "መጣ" መሆኑን አውቃለሁ። ረነን "መሮጥ" ነው። "ኸ" ደግሞ ግስ ላይ ስትቀጠል ድርጊቱ አልቋል ብዬ ነው የያዝኩት። ስለዚህ ልጁ ሩጫውን ጨርሶ፣ አርፎ፣ ከዚያ የመጣ መሰለኝ። ደውዬ ስጠይቀው "ኧረ አይደለም፣ እየሮጠ ወደኔ መጣ ማለት ነው" አለኝ።

ማታ ሳስበው ለካ እኛም እንደዚያው ነን! "በልቶ መጣ" ስንል መጀመሪያ በላ፣ ቀጥሎ መጣ። "ሮጦ መጣ" ስንል ግን መምጣቱ ራሱ ሩጫ ነው። ቅርጹ አንድ ነው፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ግሱ ነው። እናቴ "ጥጃው እናቱን ሲያይ ሮጦ መጣ" ስትል፣ ሩጫው መቼ አለቀ ብዬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ከፊት ያለችው "አን" "ወደዚህ" እንደማለት ናት። በ"ቢነን" ብትተኳት ቢነንኸረንት፣ "እየሮጠ ገባ" ይሆናል። እንዲህ ያለ አቅጣጫ የሚያሳይ ቃል ከፊቱ አይጠፋም ማለት ይቻላል። "ኸ"ን ትታችሁ "ክዋም አንረነን" ብትሉም ያው ነው፣ ሁለቱም ትክክል ነው።

በጣም የወደድኩት ግን አንኸፊትስት የሚለውን ነው። ፊትሰን ሳይክል መንዳት ነው። ባህር ዳር ስማር ጠዋት ጠዋት ከዘንባባዎቹ ስር ሳይክሉን እየነዳ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ነበር፤ ሳይክሉም፣ መንዳቱም፣ ወደኛ መቅረቡም በዚህች አንድ ቃል ውስጥ አሉ። ደስ ይላል።

አንትወርፕ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይቺን ያዙ። ሎፐን ሆላንድ ውስጥ በእግር መሄድ ነው፣ ቤልጂየም ፍላንደርስ ግን መሮጥ ነው። ስለዚህ አንኸሎፐን ስትሰሙ ተናጋሪው የየት አገር ሰው እንደሆነ መጀመሪያ እዩ።

ትናንት "እያለቀሰ መጣስ በዚሁ ይሆናል?" ብዬ ጠየቅኩት። አይሆንም አለ። ለቅሶ መንገድ አይሄድማ፤ ሰውን ከቦታ ቦታ የሚያደርስ ግስ ካልሆነ "አን" አትገባበትም። ለሱ ሃውለንት ይባላል፣ "እያለቀሰ" እንደምንለው፣ ያለ "ኸ"። እሱን ምዕራፍ ገና አልጀመርኩትም።