ሐምሌን ሳታዩ አትወስኑ

የእናቴን አገር ለብዙ ዓመት የማውቀው በመስቀል ብቻ ነበር። አዲስ አበባ እንዳደገ ብዙ የጉራጌ ልጅ፣ መስከረም 14 ወይም 15 ላይ ጓዜን ይዤ በወልቂጤ አድርጌ ወደ እምድብር እወርዳለሁ። ጀፎረው በሰው ተሞልቶ ይጠብቀኛል። ጀፎረ ማለት በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። ልጅ ይጫወትበታል፣ ከብት ይግጥበታል፣ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው። ክትፎው፣ አይቡ፣ ትኩሱ ቆጮ፣ የዘመድ ጨዋታ። በሳምንቱ ተመልሼ ሥራ እገባለሁ። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ከተማው ሲያንገሸግሸኝ "ሁሉን ትቼ እናቴ ጋ ነው የምገባው" እላለሁ። በዓይኔ የሚመጣብኝ ግን የመስቀል ሰሞኑ አገር ነበር።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ቢሮዬ ሜክሲኮ አካባቢ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል የታክሲ ሰልፍ ላይ ካልቆምኩ ሰዓት አልደርስም። ማታ ቤት የምገባው ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። ይሄን እንኳ ለምጄው ነበር። ያልቻልኩት የእንቅልፉን ነገር ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ እነቃለሁ፤ ከዚያ እስኪነጋ ያልተዘጋ ሂሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል። በ34 ዓመቴ ደም ግፊት አለብሽ ተባልኩ። በዚያው ዓመት አባቴ አረፈ፤ እናቴ ብቻዋን ቀረች። ጥቅምት 2015 ላይ ሥራዬን ለቅቄ እናቴ ጋ ገባሁ።

"እንዴት አድርገሽ ቻልሽው?" ለሚሉኝ፣ ስለ ገንዘቡ በአጭሩ ልናገር። ኮንዶሚኒየሜን አልሸጥኩም፣ አከራየሁት። የአንድ ዓመት ወጪዬን ቆጥቤ ነው የወጣሁት። ለአራት ነጋዴዎች ሂሳብ በርቀት ለመሥራት ተስማምቼ ነበር፤ ዛሬ ስድስት ናቸው። ላፕቶፕና ሶላር ገዛሁ። መብራት ሲጠፋ ሶላሩ ያወጣኛል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ግን ባሕር ዛፎቹ ጋ ያለው ጉብታ ላይ እወጣለሁ። "መሬቱን በስንት ገዛሽው?" የሚለኝም ብዙ ሰው ነው። በአገራችን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ነው። እኔ ያለሁት በእናቴ ይዞታ ላይ ነው። ገጠር ውስጥ "በውስጥ ውል ልሽጥልህ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እባካችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ለሂሳብ ሠራተኛ ሐምሌ ቀና የማይባልበት ወር ነው። ስለዚህ ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ የእናቴን አገር በሐምሌ አይቼው አላውቅም።

የመጀመሪያው ክረምቴ 2015 ነበር። ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራ አለ። ጭቃው እስከ ባቴ ድረስ ይውጠኛል። ሞተር ሳይክል እንኳ ወደ እኛ አይገባም። መብራት ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ፤ ፀሐይ ስለሌለ ሶላሩም ደከመ። እንጨቱ ረጥቧል፣ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ እናቴ ታስላለች። በር ከፍቼ ጀፎረውን አየሁት። አንድ ሰው የለም። ያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰኝ የልብ ምት ተመልሶ መጣ። ከተማ ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ሻንጣዬን አውርጄ ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ላስቲክ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። "እናትሽ በዚህ ጭቃ አትችልም። የእቁቧን ቅቤ አንቺ ይዘሽ ነይ" አለችኝ። ሴቶቹ ለመስቀል የሚጠራቀም የቅቤ እቁብ አላቸው። በየሳምንቱ እያንዳንዷ ላሟ የሰጠችውን ታመጣለች፤ ተራ የደረሳት ሁሉንም ትወስዳለች። እናቴ ቅቤውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። እንቁላል የታቀፍኩ ያህል በሁለት እጄ ይዤ ሄድኩ። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ እያረፈ ይንከባለላል፣ ቅቤው ጋ ግን አንዲት ጠብታ አልደረሰችም።

ምድጃ ከበው ተቀምጠዋል። ማን ስንት እንዳመጣች፣ የማን ላም ወተት እንደነጠፈች፣ ለማን ስንት እንደቀረ፣ ሁሉን በቃላቸው ያውቁታል። ወረቀት የለም። እኔ ጉራጊኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም ነበርና ዝም ብዬ አያለሁ። አንዲት አሮጊት እጄን ያዙና "ልጄ፣ የመስቀል እንግዳ ነሽ ወይስ የቤት ሰው?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ማታ ያጠፍኩትን ልብስ መልሼ አወጣሁት።

ከዚያ በኋላ የቤት ሰው መሆንን መማር ያዝኩ። ብዙ ዋጋ ያስከፈለኝ ስህተትም አለ። ጓሯችን ያለው እንሰት እናትና አባቴ የተከሉት ነው። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። አንድ ቀን የአንዱ የመሃል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጠውልጎ አየሁት። ቆረጥኩት። ከቁርጡ ወፍራም ቢጫማ ፈሳሽ ወጣ። ምንም አልመሰለኝም። በዚያው ቢላ ከሌሎቹ ቅጠል ቆራርጬ ለላሟ ሰጠሁ። በወራት ውስጥ ሰባቱ እንሰቶች ጠወለጉ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነበር፤ ከታመመው ወደ ጤነኛው በቢላ ይተላለፋል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ መቅበር ነው። እናቴ አልተቆጣችኝም። ጉድጓዱ አጠገብ ቆማ እያንዳንዱን በየትኛው ዓመት እንደተከሉት ነገረችኝ። ይሄ ከቁጣ በላይ ነው የተሰማኝ። ዛሬ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሳልፍ የቢላውን ስለት እሳት ላይ አገላብጣለሁ። በፊት ብጠይቅ ኖሮ ማንኛዋም ጎረቤት ትነግረኝ ነበር። ገጠር ስትገቡ ቁጥቋጦ እንኳ ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

ጤናዬን ለምትጠይቁኝ፣ መድኃኒቴን አላቆምኩም፤ ሐኪሙ ግን መጠኑን ቀንሶልኛል። እተኛለሁ። ሥራው ከቢሮው ቀልሎ አይደለም፤ ወገቤ ይመሰክራል። ጸጥታውም ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ለቅሶ አለ፣ አራስ ጥየቃ አለ፣ የታመመ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ ማድረስ አለ። ከዚህ አንዱም "ዛሬ አይመቸኝም" አይባልበትም። እኔን ያሳረፈኝም ይሄው ይመስለኛል። አዲስ አበባ አንድ ሳምንት ብጠፋ የሚፈልገኝ ሂሳቡ ነበር። እዚህ አንድ ጠዋት በሬ ካልተከፈተ ጎረቤት ያንኳኳል።

ባለፈው መስቀል የአጎቴ ልጅ መጣ። ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ "እኔም ሥራዬን ልለቅ ነው፣ ታድለሽ!" አለኝ። "ሐምሌ ላይ ና፣ ቦት ጫማ ይዘህ" አልኩት። የምሬን ነበር። ሐምሌ ላይ በእውነት መጣ። ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ፣ ሰባቱን ዘነበ። ከእኔ ጋር የቅቤ እቁብ ሄደ፣ አንድ ለቅሶም ደረሰ። ሊሄድ ሲል ምን እንደወሰነ አልጠየቅኩትም። ቦት ጫማውን ግን አጥቦ፣ ከእኔ ቦት ጫማ አጠገብ በሩ ሥር አስቀምጦት ሄደ።