ልክ ነበርኩ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር

ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፏል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ቅዳሜ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የተጨቃጨቅነው ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም፣ ስለዚ ልጻፈውና ይውጣልኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ያነበብኩት ሁሉ በዛ ስለሆነ መቀየሩ ሰነፈኝ።)

ነገሩ የጀመረው በቀልድ ነው። እማዬ ስልኳ ላይ 2024 እስከዛሬ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነው፣ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ በልጦ የተገኘ የመጀመሪያው ዓመትም ነው ምናምን የሚል ዜና አየችና ጮክ ብላ አነበበችልን። ወንድሜ ሳቅ አለና "ደሞ ጀመራቸው" አለ። እኔ ደሞ አፌ አያርፍም፣ "ምኑ ነው የሚያስቅህ?" አልኩት። በቃ፣ ከዛ በኋላ ቀኑ በዚሁ አለቀ።

አንድ ነገር ልናገር፣ ወንድሜ ጅል አይደለም። መሐንዲስ ነው፣ ሙቀት እንዴት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሄድ ከኔ አስር እጥፍ ያውቃል። ደግሞ "ዓለም አልሞቀችም" የሚል ሰው አይደለም፣ እሱ የሚለው "መሞቁን ማን ካደ? ያሞቅናት እኛ ነን ወይ ነው ጥያቄው" ነው። ሰው ስለዚ ነገር ሲከራከር የሚያምንና የማያምን ብለን ለሁለት እንከፍለዋለን እንጂ መሃል ላይ ስንት ዓይነት ሰው አለ መሰላችሁ፣ ሞቋል ግን ተፈጥሮ ነው የሚል፣ እኛ ነን ግን ያን ያህል አያሰጋም የሚል፣ ያሰጋል ግን አንዴ አልፏል የሚል፣ እና ደሞ ነገሩ ጭራሽ ትዝ የማይለው፣ እሱ ሳይሆን አይቀርም የሚበዛው።

እኔ ወዲያው "97 ከመቶ የሚሆኑት ሳይንቲስቶች ያሞቅናት እኛ ነን ብለው ተስማምተዋል" አልኩት፣ ሁሉም ሰው እንደሚለው። ለካ ወንድሜ ጥናቱን አንብቦታል! "የ2013ቱን ነው የምትይው? ወደ 12 ሺህ የሚጠጋ የጥናት ማጠቃለያ አይተው ከሶስት ሁለት እጁ እኮ ስለ ምክንያቱ ምንም አቋም አልያዘም፣ 97 የሚባለው አቋም ከያዙት ውስጥ ነው" አለኝ። አላውቅም ነበር። ቁጥሩን ስንት ጊዜ ለስንት ሰው እንደተናገርኩት ሳስበው አፈርኩ።

"እሺ ሳይንቲስቶቹን ተያቸው" አለኝ ቀጥሎ፣ "አንቺ ራስሽ በምን አወቅሽ? ያሞቃል የሚባለው ጋዝ፣ ካርቦንዳይኦክሳይዱ፣ ከኛ መምጣቱን በምን ለየሽው? ከእሳተ ገሞራ ቢሆንስ? ከውቅያኖስ ቢሆንስ?"

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ኦዞኑ ስለተበሳ..." ብዬ ጀመርኩ።

ኧረ ባልተናገርኩት። ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ። የኦዞኑ ነገር ሌላ ነው እኮ፣ እሱ በማቀዝቀዣና በስፕሬይ ጋዞች ምክንያት የሳሳው፣ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከለክልልን ሽፋን ነው፣ ይሄኛው ደሞ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ማስቀረቱ ነው። ስንቶቻችን ነን ግን ሁለቱን አንድ አድርገን ተሸክመን የምንዞረው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስዞር ኖሬያለሁ።

ይባስ ብሎ እማዬ መጣችብኝ። "ልጄ ሰማይ አይታረስ ሲባል አልሰማሽም? የሰው ልጅ ይሄን ያህል አቅም የለውም፣ የፈጣሪን ሥራ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ አደረግነው ማለት ትዕቢት ነው" አለች። ለሷም መልስ አልነበረኝም። የሚገርመው የሷ ክርክር ከወንድሜ ይልቅ ውስጤ ገባ፣ ምክንያቱም ሰማይን ቀና ብለሽ ስታዪው በእውነት የሚነካ አይመስልም።

ከዛ ሶስት ሌሊት ሙሉ አነበብኩ። የገባኝ ነገር ቢኖር እኔና ወንድሜ አንድ ዓይነት መሆናችን ነው። እሱ የሚያምናቸው ሰዎች አይደለም ሲሉት አይደለም አለ፣ እኔ የማምናቸው ሰዎች ነው ሲሉኝ ነው አልኩ። የኔዎቹ ልክ ሆነው ተገኙ እንጂ እኔማ አንድም ነገር አላጣራሁም። በ2012 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፣ ስለ ሳይንስና ስለ ቁጥር የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ይበልጥ ይቀራረባሉ ተብሎ ሲጠበቅ ጭራሽ ይበልጥ ተራርቀው ነው የተገኙት፣ ዕውቀቱን የየወገናቸውን ሐሳብ ለመከላከል ነው የሚጠቀሙበት። ወንድሜን አሰብኩት። ቀጥሎ ደሞ ራሴን፣ እኔ እንኳን ዕውቀቱም አልነበረኝ።

እንጂማ ነገሩ አሮጌ ነው። እኔ ትናንት የመጣ ወሬ ነበር የሚመስለኝ። በ1856 ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት የተለያየ ጋዝ የሞላችባቸውን የብርጭቆ ቱቦዎች ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ካርቦንዳይኦክሳይድ ያለበት ከሌላው በልጦ እንደሚሞቅ፣ ከፀሐይ ሲነሳም ቶሎ እንደማይቀዘቅዝ አየች፣ አየሩ በዚህ ጋዝ ቢሞላ ምድር ትሞቃለች ብላም ጻፈች። በ1896 ስዊድናዊው ሳይንቲስት አሬኒየስ ጋዙ በእጥፍ ቢጨምር ስንት ዲግሪ ይሞቃል ብሎ በእጁ አሰላ፣ 5 ወይም 6 ዲግሪ መጣለት፣ ዛሬ ከሚባለው ይበዛል ግን ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ነው። ያኔ ፖለቲካ የሚባል ነገር አልነበረበትም፣ የጥቅም ጉዳይ አይደለም፣ ዝም ብሎ የማወቅ ፍላጎት ነው።

የወንድሜን ጥያቄ የመለሰልኝ ግን እሱ አይደለም። የካርቦኑ ዓይነት ነው። ካርቦን ሁሉ አንድ አይደለም አሉ፣ ካርቦን 14 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ነው፣ በ5,700 ዓመት ገደማ ግማሹ ያልቃል። ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ደሞ ከመሬት ሥር ሚሊዮኖች ዓመት የቆየ ስለሆነ ካርቦን 14 የሚባል ነገር የለውም፣ ተሟጥጧል። ስለዚ በአየር ላይ የጨመረው ካርቦን ከነዳጅ ከመጣ የካርቦን 14 ድርሻ እየቀጠነ መሄድ አለበት፣ ሀንስ ሱዝ የሚባል ሰው በ1955 የዛፍ ግንድ ቀለበት ውስጥ ያገኘውም ይሄንኑ ነው (በኋላ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራው ቁጥሩን አዘበራረቀው እንጂ)። ካርቦን 13ም እንደዚሁ፣ እሱ ከተራው ካርቦን ትንሽ ከበድ ያለው ነው፣ ዕፅዋት ቀለል ያለውን ካርቦን ስለሚመርጡ ከዕፅዋት የመጣ ነዳጅ ካርቦን 13 ያንሰዋል፣ የእሳተ ገሞራ ጋዝ ግን እንደዛ አይደለም። የአየሩ ካርቦን ደሞ ወደ ነዳጁ ዓይነት እየሄደ ነው። በዛ ላይ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ነው፣ ነገር ሲቃጠል ኦክስጅን ይበላል አይደል? ሌባው አሻራውን ትቶ ሄዷል ማለት ነው።

ይሄን ሳነብ ከአልጋዬ ተነሳሁ፣ ያለ ማጋነን። ለወንድሜ በዛው ሌሊት ጻፍኩለት፣ ነቅቶ ኖሮ ወዲያው ደወለ።

"እሺ ጋዙ ከኛ ነው፣ ተቀበልኩሽ" አለኝ፣ እንደዚ በቀላሉ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም። "ግን ጋዙን የሚለኩት ሃዋይ እሳተ ገሞራ አናት ላይ ነው አሉ፣ ይሄ አይገርምሽም?" እሱን ደግነቱ አንብቤ ነበር። ኪሊንግ የሚባል ሳይንቲስት በ1958 እዛው ተራራ፣ ማውና ሎአ ላይ መለካት ሲጀምር ከሚሊዮን ቅንጣት 315 አካባቢ ነበር፣ አሁን ከ420 በላይ ነው፣ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት 280 ገደማ ነበር። ተራራው ጋዝ ሲተፋ ነፋሱና የቁጥሩ መንቀጥቀጥ ስለሚያሳብቅ ያንን እያወጡ ይጥሉታል፣ ዋናው ደሞ ምንም እሳተ ገሞራ በሌለበት በደቡብ ዋልታ የሚለካውም ያንኑ አቀበት ነው የሚወጣው። "እና ፀሐይስ?" አለኝ። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛውም የታችኛውም አየር አብሮ ይሞቅ ነበር፣ ሳተላይት የሚያሳየው ግን ታችኛው ሲሞቅ ላይኛው ስትራቶስፌር ሲቀዘቅዝ ነው። ማናቤና ዌዘራልድ የሚባሉ ሳይንቲስቶች በ1967 ካርቦንዳይኦክሳይድ ቢጨምር እንዲህ ይሆናል ብለው ቀድመው አስልተውታል።

ዝም አለ። መሐንዲስ ነው አልኩ አይደል፣ ይሄ የመጨረሻው ገባው።

ያቺን የ97 ነገርም አነሳሁለት። ስለ ወባ መድኃኒት የሚጽፍ ሐኪም ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት ብሎ አይጀምርም፣ የታወቀ ነገር ስለሆነ ይዘለዋል፣ አቋም ያልያዙትም ጥናቶች እንደዛ ናቸው አልኩት። "ቢሆንም ራስ መቁጠር ማስረጃ አይሆንም" አለኝ። በዚህስ እኔም ተስማማሁ። ሪቻርድ ሙለር የሚባለውን የፊዚክስ ሰው ታሪክም ነገርኩት፣ የሙቀት መዝገቡን ተጠራጥሮ፣ ከነዳጅ ቢሊየነሩ ከቻርልስ ኮክ ፋውንዴሽን ጭምር ገንዘብ አግኝቶ፣ እንደ አዲስ አስቆጥሮ፣ በ2012 ሙቀቱም እውነት ነው ምክንያቱም ከሞላ ጎደል እኛው ነን ብሎ በአደባባይ የጻፈውን። "እሱስ ጎበዝ ነው" አለ ወንድሜ፣ ድምፁ ግን ደክሞት ነበር።

ከዛ ያላሰብኩትን ነገር ነገረኝ። "እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሳይንሱ አልነበረም" አለኝ፣ "እሺ ካልኩ በኋላ የሚመጣው ነው። ይሄን ተው ያንን ተው፣ እንዲህ ክፈል፣ አንተ ነህ ጥፋተኛው። ሰላሳ ዓመት የለፋሁበት ሥራ ነዳጅ የሚያቃጥል ማሽን እኮ ነው።" ምን ልበለው? ለካ እስከዛሬ ስከራከረው የነበረው በተሳሳተው በር ነው። ስለ ጋዝ እያወራሁት እሱ ስለ ራሱ ነበር የሚያወራኝ።

"ሰው ሁሉ ምንም ለማድረግ አይፈልግም፣ እኔ ብቻዬን ነኝ እንዴ ሞኙ?" ሲለኝ ግን ለዚህም አንድ ያነበብኩት ነገር ነበር፣ በ125 አገሮች ወደ 130 ሺህ ሰው ተጠይቆ 69 ከመቶው ከገቢዬ አንድ ከመቶ ለዚህ ጉዳይ እሰጣለሁ ብሏል፣ ሌላው ሰውስ ስንቱ የሚሰጥ ይመስላችኋል ሲባሉ ግን ግምታቸው በአማካይ 43 ከመቶ ነው። ሁሉም ብቻውን ነው የሚመስለው። ወንድሜ "እህ" ብቻ አለ።

እማዬን ዛሬ ጠዋት አነጋገርኳት። በዓመት ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ብቻ 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦንዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ እንለቃለን አልኳት። ቢሊዮኑን ደጋግማ አስነገረችኝና "አላረስነውም፣ አጨስንበት በይኛ" አለች። ከኔ ሶስት ሌሊት የሷ አንድ አረፍተ ነገር በለጠኝ።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ወንድሜ ማታ የላከው ነገር ነው። "ደመናውስ? ሲሞቅ ደመናው ይበዛል ወይስ ይሳሳል? የሚያቀዘቅዘው ነው የሚያሞቀው?" ይላል። እየቀለደ መስሎኝ ነበር፣ ስፈልገው ለካ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው በጣም የሚቸገሩበት ቦታ ነው፣ ዝቅ ያለው ደመና የፀሐይን ብርሃን መልሶ ይሰዳል፣ ከፍ ያለው ስሱ ደመና ደሞ ሙቀት ያስቀራል፣ በ2021 የወጣው የአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ቡድን) ሪፖርት ጋዙ በእጥፍ ሲጨምር ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ነው ብሎ ክፍተቱን የተወበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄው ደመና ነው። ወንድሜ ሲጠራጠር ቆይቶ ቆይቶ በመጨረሻ መጠራጠር ያለበትን ቦታ አገኘው። እስካሁን አልመለስኩለትም፣ አስራ ሁለት ገጽ ይቀረኛል።